ምክር ከጥያቄ በኋላ

አባቶቻችን «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለው ተናግረዋል። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው አደግሁ፤ መምህር ከሆንሁ በኋላም ለብዙ ሰው ስናገረው ኖርሁ። ቃሉ ምክርን አልሰማም ያለ ሰው የሚያገኘውን ነገር ያስታውቀናል። ነገር ግን መካሪው ራሱ ሳይሰማ የመከረ እንደ ሆነ መከራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አይነግረንም። እኔ ይህን ሁለተኛውን ነገር የተማርሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ልጅ ያለው፣ የወንድምና የእኅት ልጅ ያለው፣ ወይም በተማሪ ቤት ልጆችን የሚመራ ሰው ሁሉ ይጠቀምበት እንደ ሆነ ብዬ የደረሰብኝን እነሆ እጽፋለሁ።

ሃያ ዓመት ያህል በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሒሳብ ሳስተምር ቈይቻለሁ። ከማስተማሩም ጋራ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚማሩትን ትምህርት በተራ በተራ በሚመርጡበት ጊዜ እነርሱን መምከር ለእኔ የተተወ ሥራ ነበረ። ልጁ የፈተናውን ውጤት ይዞ ይመጣል፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ቍጥሩን እመለከትና «አንተ ለሕክምና፤ አንቺ ለምሕንድስና፤ አንተ ግን ለዚህ አትበቃምና ሌላውን ጻፍ» እያልሁ እቈርጣለሁ። ለአንዱ ልጅ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ የሰጠሁ አይመስለኝም። ወላጆቹም እጅ ነሥተው ያመሰግኑኝ ነበረና ሥራዬን ፍጹም አድርጌ እቈጥረው ነበረ።

ከነዚህ ልጆች አንዱ የእኅቴ ልጅ ነው። አባቱ ከጋሞ ተራራ ወርደው በሽሮ ሜዳ የተቀመጡ ሸማኔ ናቸው። እኅቴ እርሳቸውን ባገባች ጊዜ በቤታችን የተነገረውን ነገር ዛሬ ለመጻፍ አፍራለሁ። ልጁ በአባቱ አጠገብ አደገ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው ማግ ያጠነጥንና የድሩን ክር ይቈጥር ነበረ። በትምህርቱም ብርቱ ስለ ነበረ በ2008 ዓ.ም. የመግቢያውን ፈተና በመልካም ውጤት አለፈ። በዚያ ወራት መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ባቆመው ሥርዓት ከመቶው ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ወደ ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ይደረግ ነበረ። እኔም የዘመኑ በር በዚህ በኩል ተከፍቷል ብዬ በምርጫው ቅጽ ላይ «ምሕንድስና» የሚለውን በገዛ እጄ ጻፍሁለት። ልጁ አልተቃወመም፤ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዝም አለ። እኔም ዝምታውን ደስታ ነው ብዬ ተረጐምሁት።

በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ጥሎ መጣ። ብዙ ጊዜ ከቤት ሳይወጣ፣ ከሰውም ጋራ ሳይነጋገር ተቀመጠ። ምን እንደ ጐደለበት የጠየቅሁት አይመስለኝም፤ ይልቁንም በእናቱ ፊት ቆሜ ያን የአባቶችን ቃል ጠቀስሁበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ወደ ቤታቸው ስገባ እርሱ ወደ ጓዳ ይገባ ነበረ።

ይህ ከሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር ባለ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በርቀት የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ጀመርሁ። የትምህርቱም ስም የሙያ ዕድገትና ኮቺንግ ይባላል። ኮቺንግ ማለት አንድ ሰው የሚፈልገውን ራሱ አስቦ እንዲያገኘውና እንዲደርስበት በጥያቄና በንግግር የመርዳት ሙያ ነው። በዚያ አገር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በ180 ነጥብ ይመዘናል፤ አንዱ ነጥብ የአሥር ሰዓት ሥራ ተብሎ ስለሚቈጠር ጠቅላላው 1,800 ሰዓት ይሆናል። ባልንጀሮቼ «በዚህ ዕድሜህ ሥራ መምረጥ ልትማር ነውን?» እያሉ ሣቁብኝ። እኔም «ሥራውንስ ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ የምፈልገው ወረቀቱን ነው» ብዬ መለስሁ። ትዕቢቴ እስከዚህ ድረስ ነበረ።

መጀመሪያ የተማርነው ስለ ፍራንክ ፓርሰንስ ነው። ይህ ሰው አሜሪካዊ ነው፤ አስቀድሞ መሐንዲስ፣ ኋላም የተማሪ ቤት መምህርና የሕግ ዐዋቂ ሆኖ ሠርቷል። ምናልባት ራሱ ከሥራ ወደ ሥራ ስለ ተንከራተተ ይሆናል የሌላው ሰው መንከራተት ያሳዘነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ፣ ስደተኞችና ድኾች በበዙበት ሰፈር፣ ወጣቶች ሥራቸውን አስበው እንዲመርጡ የሚረዳ የሙያ ምክር ቢሮ አቆመ። በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1909 ታተመ። ትምህርቱ በሦስት ነገር ይጠቀለላል፤ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይወቅ፤ ቀጥሎ ሥራዎቹ እያንዳንዳቸው የሚጠይቁትንና የሚሰጡትን ይወቅ፤ ከዚያም ሁለቱን በእውነተኛ ማስተዋል ያገናዝብ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ እኔ ለልጆቹ ስሠራላቸው የኖርሁት ሁለተኛውን ብቻ፣ እርሱንም እኩሌታውን ብቻ እንደ ሆነ ገባኝ።

ከዚህም በቀር ሌላ ነገር አሳሰበኝ። የቦስተኑ ቢሮ የተከፈተበት ዓመት በእኛ አቈጣጠር 1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። አንዱ በባሕር ማዶ ድኻው ሥራውን እንዲመርጥ ቢሮ ከፈተ፤ ሁለተኛው በአገራችን ሠራተኛው በሥራው እንዳይናቅ አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱም አንዱን ቍስል ከሁለት ወገን የነኩት ይመስለኛል፤ ሥራ የተናቀ እንደ ሆነ ምርጫ የለምና። ዳሩ ግን አዋጅ ስድብን ከአፍ ያስወግደዋል እንጂ ከልብ አያወጣውም። በእኔ ልብ ውስጥ ገና ተቀምጦ ነበረ። ለእኅቴ ልጅ ምሕንድስናን የጻፍሁለት ስለ ውጤቱ ብቻ ነውን? ወይስ የሸማኔ ልጅ መባሉን ልፍቅለት ፈልጌ? ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅሁት ሊንዳ ጎትፍሬድሰን የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ በ1981 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የጻፈችውን ትምህርት ባነበብሁ ጊዜ ነው። እርስዋ እንደምትለው ሕፃናት ሥራን ከመምረጣቸው በፊት ብዙውን ሥራ ይሰርዛሉ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ይህ የወንድ ነው፣ ይህ የሴት ነው እያሉ፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሦስት ባለው ደግሞ ይህ የተከበረ ነው፣ ይህ የተናቀ ነው እያሉ ይሰርዛሉ። ይህን መሰረዝ የሚያስተምራቸው የታላላቆቻቸው ፊት ነው። የእኔም ፊት ከነዚያ አንዱ ነበረ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ገና ንባብ ነበረ፤ ሰው በንባብ ብቻ አይሰበርም። የሰበረኝ አንድ ሥራ ነው። ለአንድ ሰው የሠላሳ ደቂቃ ምክር እንድንሰጥ፣ ፈቃዱንም ተቀብለን ድምፁን እንድንቀዳ፣ ከዚያም የራሳችንን ንግግር ቃል በቃል ጽፈን እንድንመረምር ታዘዝን። እኔም ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ያጣች አንዲት ወጣት ለመንሁና ተቀመጥን። ከተለያየን በኋላ እጅግ መልካም ምክር ሰጠኋት ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበረና በጧፍ ብርሃን ድምፁን እያዳመጥሁ መጻፍ ጀመርሁ።

ከሠላሳው ደቂቃ ሃያ አንዱን የተናገርሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ጥያቄ ጠይቄያታለሁ፤ ከነዚያ ውስጥ ዐሥሩ የጥያቄ ልብስ የለበሱ ትእዛዞች ናቸው። «የሒሳብ መዝገብ ሥራ ብትማሪ አይሻልሽምን?» ማለት ጥያቄ አይደለም። በመካከሉም እርስዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ» ብላ ስትጀምር፣ እኔ «እርሱስ ይሁን፤ ነገር ግን» ብዬ አቋረጥኋት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ድረስ «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረችም። ያን «እሺ» ሰምቼው አውቃለሁ። የእኅቴ ልጅ ምርጫውን በጻፍሁለት ቀን የመለሰልኝ «እሺ» እርሱ ነው።

ጽሑፉን ለመምህሬ ላክሁ። እርስዋም ብዙ አልወቀሰችኝም፤ እኔ ባቋረጥኋት ስፍራ አጠገብ ባለው ኅዳግ ላይ «ምን ልትል ነበር?» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ወደ ወጣቲቱም ተመልሼ ብጠይቃት «ኧረ ረሳሁት ጋሼ» አለችኝ። የረሳችው አይመስለኝም፤ ሁለተኛ ለመናገር ግን አልደፈረችም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የፈረንጁን ትምህርት ሁሉ ሳልመረምር ተቀበልሁ ብለህ አታስብ። ካርል ሮጀርስ የተባለው ሊቅ ከ1940ዎቹ ጀምሮ፣ መካሪው ፈቃዱን በተመካሪው ላይ እንዳይጭን፣ ይልቁንም በጥሞና እንዲሰማው አስተማረ። ጆን ዊትሞርም በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮቹ ስለ ግቡ፣ አሁን ስላለበት ሁኔታ፣ ሊሄድባቸው ስለሚችላቸው መንገዶችና ስለ ቍርጥ ፈቃዱ በተራ እየጠየቀ እንዲመራው የሚያስተምረውን ሥርዓት በሰፊው አስታወቀ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን መንገድ ለሌለው ሰው «በየትኛው መንገድ ልትሄድ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅመዋል? በአገራችን የ2014 ዓ.ም.ን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተማሪዎች መካከል እኩሌታውን ነጥብና ከዚያም በላይ ያገኙት 30 ሺህ አይሞሉም። የቀሩት ከስምንት መቶ ሺህ በላይ የሆኑት ልጆች ስለ ፈቃዳቸው ከመጠየቃቸው በፊት የሚገቡበት በር ያስፈልጋቸዋል። ኬን ሮበርትስ የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅም በ1968 ይህን የሚመስል ነገር ጽፏል፤ ብዙ ሰው ሥራን የሚይዘው መርጦ ሳይሆን በአካባቢው የተከፈተለትን ገብቶ ነው ይላል። ስለዚህ የአገሬን ሰው ልማድ ሁሉ ልንቅ አልወድም። አባት ለልጁ፣ አጎት ለእኅቱ ልጅ የሚያስበው ከፍቅር ነው፤ ልጁም ብቻውን አይኖርምና የወገኑን ሸክም ሊረሳ አይገባውም። እንግዲህ ዝም ማለትና መጠየቅ ብቻውን የማይበቃ ከሆነ፣ ሳይጠይቁም መናገር የሚጐዳ ከሆነ፣ መካሪ ምን ያድርግ?

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ቃል ነው። ኮች የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ ሠረገላ ማለት ነበረ፤ ስሙም ሠረገላ ይሠራበት ከነበረ ኮች ከሚባል ከሃንጋሪ መንደር የመጣ ነው። ኋላም በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን መምህር ኮች እያሉ ጠሩት፤ እንደ ሠረገላ ተሸክሞ ያሻግራቸዋልና። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሳላስበው ወደ ልቤ የገባው በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ የተጻፈው የእኛው የጃንደረባው ሠረገላ ነው።

ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ነገር ግን ፊልጶስ ያደረገውን በተራ እንመልከተው። አስቀድሞ ወደ ሠረገላው ቀረበና ሰውየው የሚያነበውን ሰማ። ከዚያም የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው ለመነው እንጂ ፊልጶስ ዘሎ አልወጣም። በወጣም ጊዜ ትምህርቱን የጀመረው ጃንደረባው በእጁ ይዞት ከነበረው ከዚያው ንባብ ነው። ሠረገላውንም ወደ ኢየሩሳሌም አልመለሰውም፤ ሰውየው በሚሄድበት ወደ አገሩ በሚወስደው መንገድ አብሮት ሄደ። በመጨረሻም ውሃውን ያየውና ለመጠመቅ የጠየቀው ጃንደረባው ራሱ ነው። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ፊልጶስ ከዐይኑ ተሰወረ፤ ጃንደረባውም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ።

ስለዚህ ፊልጶስ አልመከረም ማለት አይቻልም፤ መክሯል፤ አስተምሯልም። ነገር ግን ምክሩ ተራ አለው። መስማት ይቀድማል፤ መጠየቅ ይከተላል፤ ሲለመኑ መውጣት፣ ከያዘው መጀመር፣ በእርሱ መንገድ መሄድ፣ ጊዜውም ሲደርስ መለየት ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያደረግሁት ግን ወደ ሠረገላው ዘልዬ ገብቼ ልጓሙን መቀማት ነው።

በትምህርቱ ሕግ ዘመድን ተመካሪ አድርጎ ማቅረብ አይፈቀድም ነበረ፤ ስለዚህ ወደ እኅቴ ልጅ የሄድሁት እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ በደለኛ አጎት ነው። በሽሮ ሜዳ ከአባቱ የሥራ ቤት ደጃፍ ተቀመጥን፤ አባቱ በውስጥ እግራቸውን ከጉድጓዱ አግብተው ይሠሩ ነበረና የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማ ነበረ። እኔም አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀጥሎ ያሰብሁትን መልካም ነገር ልነግረው ፈለግሁ፤ «ተወኝና ወደ አባትህ ሥራ ተመለስ፤ እኔ ነኝ ከሸማው የለየሁህ፤ መቋቋሚያውን ገንዘብም እኔ እሰጥሃለሁ» ልለው ተሰናድቼ ነበረ። ቃሉ በአፌ ሳለ ያ በኅዳግ የተጻፈው አንድ መስመር ትዝ አለኝ። ምክሬን ዋጥሁና «ያን ጊዜ አንተ ራስህ ምን ትፈልግ ነበር?» አልሁት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ዝምታ መታገሥ አልችልም ነበረ። የመወርወሪያው ድምፅ ሲመላለስ እሰማለሁ፤ እኔም አልተናገርሁም።

በመጨረሻ «ጋሼ፣ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም» አለ። ጥቂት ቈይቶ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ «ሽመናውን አልፈልገውም። ወገቤንም ያመኛል፤ እጄም እንደ አባቴ እጅ አይደለም። ልጅ ሳለሁ የምወደው ነጋዴ ሲመጣ አጠገባቸው መቀመጥ ነበር። አባቴ ለክሩ ያወጡትንና የሠሩበትን ቀን አይጽፉትም፤ ስለዚህ የጠራቸውን ዋጋ ይቀበላሉ። እኔ በልቤ እየደመርሁ እንደ ከሰሩ ዐውቅ ነበር፤ ግን ልጅ ነኝና አልናገርም።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ ደነገጥሁ። ምሕንድስናን በግድ እንደ ጫንሁበት፣ ያን ቀን ደግሞ ሽመናን በይቅርታ ስም ልጭንበት ነበረ። ሁለቱም የእኔ ሐሳብ ናቸው። እርሱ የሚፈልገው ግን ከሁለቱ አንዱ አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ለብዙ ዓመት ሳይጠየቅ ተቀምጦ ነበረ። ከዚያ በኋላ «ከእኔ የምትሻው ነገር አለን?» ብዬ ጠየቅሁት፤ እርሱም የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እንዳስተምረው ለመነኝ። ያን ጊዜ የሃያ ዓመት የሒሳብ መምህርነቴ ስፍራውን አገኘ።

አሁን ለአባቱና ለሰፈሩ ለጥቂት ሸማኔዎች የክሩን፣ የጥለቱንና የድካሙን ዋጋ እየጻፈ ሒሳባቸውን ይይዝላቸዋል፤ ከነጋዴም ጋራ ሲዋዋሉ አብሯቸው ይቀመጣል። ገቢው ገና ትንሽ ነው፤ ፍጻሜውንም እግዚአብሔር ያውቃል። የጠፉትን ዓመታት ልመልስለት አልችልም፤ ይህን ያህል መጥፎ ነገር አደረግሁ ብሎ የከሰሰኝ ሰው ስለሌለ ክሱን ራሴ አቀርባለሁ። ነገር ግን ወደ ቤታቸው ስገባ ወደ ጓዳ መግባቱን ትቷል።

ዲግሪውን ተቀብያለሁ፤ ወረቀቱም በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነገር ግን ከ1,800ው ሰዓት ሁሉ የበለጠብኝ ያ በጧፍ ብርሃን ድምፄን ያዳመጥሁበት ሌሊት ነው። ዛሬም ልጆች ውጤታቸውን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ወረቀቱን ተቀብዬ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ፤ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ዝም ሲሉም እታገሣለሁ። የሥራውን ነገር፣ የተከፈተውንና የተዘጋውን በር የምነግራቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያንንም ሳልሸሽግ እነግራቸዋለሁ፤ ዕውቀትን መንፈግ ትሕትና አይደለምና። ለአንዱ ልጅ አንድ ሰዓት ስለምሰጥ የማያቸው ልጆች ጥቂቶች ሆነዋል፤ ይህም ያሳዝነኛል፤ የሚረዳኝን ሌላ መምህር አሠልጥኜ እስካገኝ ድረስ ግን ሌላ መንገድ አላየሁለትም።

እንግዲህ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ተማሪ ያላችሁ መምህራን፣ የንስሐ ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ ልጃችሁ በፊታችሁ «እሺ» ባለ ጊዜ ፈጥናችሁ ደስ አይበላችሁ። «እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ የጀመረውን ሳይጨርስ ያቋረጣችሁት እንደ ሆነ መርምሩ። ገና በአጠገባችሁ ካለም ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ምን ልትል ነበር? በሉት። ለፊልጶስ የመስማትን ጆሮ የሰጠ አምላክ ለእኛም ይስጠን፤ አሜን።